የዘማሪ ድምፅ ወሰንና በሥልጠና ጊዜ የሚያሳየው ለውጥ

መግቢያ



መዝሙር በቅዳሴያችን ውስጥ ምን ያህል የምእመናንን ጸሎት እንደሚያግዝ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ ለቅዱስ ዜማ ራሱን የቻለ ምዕራፍ መስጠቱ፣ የሙዚቃ ትምህርትም በዘርዐ ክህነትና በሌሎች የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ተገቢ ቦታ እንዲያገኝ ማሳሰቡ ይህንኑ ያስረዳል። ይሁን እንጂ ስለ መዝሙሮቹ ቃልና ዜማ ብዙ ስንነጋገር፣ መዝሙሩን ስለሚያሰማው ስለ ሰው ድምፅ ግን የምንነጋገርበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰማነው ቃል ነው። በምናገለግልበት ቁምስና ለብዙ ዓመታት የዘመረች አንዲት ወጣት እንባዋን እየጠረገች ወደ እኛ ቀርባ፣ «አባ፣ ድምፄ ሄደብኝ፤ ሥልጠናው አበላሸኝ» አለችን። የድምፅ ሥልጠና ከጀመረች ገና ሦስት ወሯ ነበር። ቀድሞ ትደርስበት የነበረው የዜማው ጫፍ አሁን አልሆንላት ብሏል። ያን ዕለት የሰጠናት መልስ የተሳሳተ ነበር፤ ስሕተታችን ያስከተለውንም በቦታው እንናገራለን። አስቀድመን ግን የድምፅ ወሰን ምን እንደ ሆነ፣ በሥልጠና ጊዜ ለምን እንደሚለወጥና አንዳንድ ጊዜም ጠብቦ የሚታየው ስለ ምን እንደ ሆነ በቅደም ተከተል እንመልከት።

1. የድምፅ ወሰን ምንድን ነው?

አንድ ሰው ሊያወጣው ከሚችለው እጅግ ወፍራም ድምፅ አንሥቶ እስከ እጅግ ቀጭኑ ድረስ ያለው ርቀት የድምፅ ወሰን ይባላል። ርቀቱ የሚለካው በዜማ ደረጃዎች ነው። ከአንዱ ዶ ተነሥተን ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ እያልን ወደሚቀጥለው ዶ ስንደርስ አንድ ኦክታቭ ሄድን ይባላል። በአራት ክፍል በሚዘምሩ ቡድኖች ውስጥ ለሶፕራኖ፣ ለአልቶ፣ ለቴኖርና ለባስ የሚጻፈው ዜማ ለእያንዳንዱ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኦክታቭ ተኩል እስከ ሁለት ኦክታቭ ባለው ርቀት ውስጥ ይመላለሳል።

እዚህ ላይ ከቋንቋችን የሚመጣ አንድ መደናገር አለ። በአማርኛ «ድምፅህን ከፍ አድርግ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ አንደኛው «ጮክ በል» ማለት ነው፤ ሁለተኛው «ድምፅህን አቅጥን» ማለት ነው። ሁለቱ በአካላችን ውስጥ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመዘምራን አለቃው «ከፍ አድርጉ» ባለ ቁጥር ግን ዘማሪው ቀጭኑን ዜማ ለማግኘት ይጮኻል፤ ጩኸቱም ልማድ ይሆንበታል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ዜማው ደረጃ ስንናገር «ቀጭን» እና «ወፍራም»፣ ስለ ድምፁ ብርታት ስንናገር ደግሞ «ኃይለኛ» እና «ለስላሳ» እንላለን። በልምምድ ጊዜም እንዲሁ ብትለዩት ብዙ ጉሮሮ ከድካም ይድናል።

ወሰን ራሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰው በማናቸውም መንገድ፣ በጩኸትም በሲቃም ቢሆን፣ ሊነካው የሚችለው የመጨረሻ ወሰን ነው። ሁለተኛው ቃሉ ሳይበላሽ፣ ጉሮሮም ሳይታነቅ፣ ኃይለኛም ለስላሳም አድርጎ ደጋግሞ ሊዘምርበት የሚችለው የአገልግሎት ወሰን ነው። አንድ ሰው ሁለት ኦክታቭ ተኩል መንካት ቢችል እንኳ በሰላም የሚዘምርበት ከዚያ ውስጥ አንድ ኦክታቭ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሥልጠና በዋነኛነት የሚያሰፋው ይህንን ሁለተኛውን ነው።

2. ድምፅ የሚቀጥነውና የሚወፍረው እንዴት ነው?

በማንቁርታችን ውስጥ የድምፅ አውታሮች የሚባሉ ሁለት እጥፋቶች አሉ። ርዝመታቸው በአዋቂ ሴት ከ12 እስከ 17 ሚሊ ሜትር፣ በአዋቂ ወንድ ደግሞ ከ17 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከሳንባ የሚወጣው አየር በመካከላቸው ሲያልፍ እጅግ በፍጥነት ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ድምፅ የምንለውም ከዚህ ይነሣል። የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚቃኙበት ላ በሰከንድ 440 ንዝረት ያለው ነው፤ አንዲት ሴት ይህን ላ ስትዘምር አውታሮቿ በአንድ ሰከንድ 440 ጊዜ ይገናኛሉ ማለት ነው። አንድ ኦክታቭ ወደ ቀጭኑ ብትወጣ ቁጥሩ እጥፍ ሆኖ 880 ይደርሳል። በበዓል ቀን አንዲት ዘማሪት ለሁለት ሰዓት ስትዘምር እነዚህ ትናንሽ እጥፋቶች ስንት ጊዜ እንደሚጋጩ ማሰብ በቂ ነው።

በገና ዐሥር አውታሮች አሉት። ሰው ግን ያለው አንድ ጥንድ ብቻ ነው፤ በዚህ አንድ ጥንድ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ሁሉ ማውጣት አለበት። ይህን የሚያደርገው በሁለት ዓይነት ጡንቻዎች ነው። አንደኛው በራሳቸው በአውታሮቹ ውስጥ ያለ ሲሆን ያሳጥራቸዋል፣ ያወፍራቸዋልም። ሁለተኛው ከውጭ ሆኖ ይስባቸዋል፤ ሲሳቡም ይረዝማሉ፣ ይሳሳሉ፣ ድምፁም ይቀጥናል። የመጀመሪያው ሲበረታ የሚሰማው በተለምዶ የደረት ድምፅ ይባላል፤ ሁለተኛው ሲበረታ የሚሰማው ደግሞ የራስ ድምፅ ይባላል።

አንድን ከባድ ሸክም ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ሲቀባበሉ እንዳየነው፣ ዜማው ከወፍራም ወደ ቀጭን ሲወጣ አንደኛው ጡንቻ ቀስ እያለ ለሁለተኛው ማስረከብ አለበት። ይህን የርክክብ ስፍራ የኢጣልያ መምህራን «ፓሳጆ»፣ ማለትም መተላለፊያ፣ ብለው ይጠሩታል። ያልሠለጠነ ዘማሪ በዚህ ስፍራ ሸክሙን አልለቅም ይላል፤ የደረቱን ድምፅ በኃይል ወደ ላይ ይጎትተዋል። ለጥቂት ደረጃ ይሳካለታል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ይሰነጠቃል ወይም ጨርሶ ይቆማል። ብዙዎቻችን «ድምፄ እዚህ ድረስ ነው» የምንለው የጉተታው ማብቂያ የሆነውን ቦታ ነው።

3. በሥልጠና ጊዜ የሚታዩ ለውጦች

ሀ. በመጀመሪያ መካከሉ ይስተካከላል። ጥሩ አሠልጣኝ ሥራውን የሚጀምረው ሰው በተራ ንግግሩ ከሚጠቀምበት ስፍራ አካባቢ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሽ መርጋት፣ መንጋጋና ምላስ መላላት፣ ቃላት መጥራት ይጀምራሉ። በዚህ ጊዜ በወሰኑ ጫፍ ላይ ምንም የተጨመረ ነገር አይታይም፤ ሠልጣኙም «ምን ተማርሁ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል።

ለ. ቀጥሎ ወሰኑ የጠበበ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚደናገጠውና ሥልጠናውን የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። ዘማሪው መጎተቱን ሲተው በጉተታ ያገኛቸው ደረጃዎች አብረው ይቀራሉ። በምትካቸው ሊሠራ የሚገባው ጡንቻ ደግሞ ገና አልለመደም፤ ስለዚህ ከመተላለፊያው በላይ የሚሰማው ድምፅ ደካማና አየር የበዛበት ይሆናል። እንዲህ ያለው ድምፅ እንደ ሕፃን የመጀመሪያ እርምጃ ነው፤ መንገዳገዱ መራመድ ለመጀመሩ ምልክት ነው።

ሐ. ከዚያ ሁለቱ ክፍሎች ይጋጠማሉ። ከወራት ልምምድ በኋላ ርክክቡ እየለሰለሰ ይሄዳል፤ ስንጥቁም አይሰማም። ሠልጣኙ አንዱን ደረጃ ለስላሳ አድርጎ ጀምሮ ሳይቋረጥ ወደ ኃይለኛ ማሳደግ፣ ከዚያም መልሶ ማለስለስ ይችላል።

መ. በመጨረሻ ወሰኑ ይሰፋል። መስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በቀጭኑ በኩል ነው። በወፍራሙ በኩል የሚገኘው ጭማሪ ጥቂት ነው፤ የወፍራም ድምፅ ልክ የሚወሰነው በአውታሮቹ ርዝመትና ውፍረት ስለ ሆነ ልምምድ አውታር አያስረዝምም። እያንዳንዱ ሰው ከተፈጥሮ የተሰጠው ዳርቻ አለው፤ ሥልጠና በዳርቻው ውስጥ ያለውን መሬት እንዲያርስ ያደርገዋል። ስለዚህ አልቶ የሆነችውን በትጋት ብዛት ሶፕራኖ ለማድረግ መጣጣር ከንቱ ድካም ነው። በሌላ በኩል፣ ባልሠለጠነ ድምፅ ላይ ተመሥርቶ «አንቺ አልቶ ነሽ» ብሎ መፍረድም ፍርዱን ያስቸኩላል፤ የራስ ድምፅዋን ገና ያላገኘች ሶፕራኖ ለጊዜው አልቶ መስላ ልትታይ ትችላለችና።

ከእነዚህ ለውጦች ጋር የዕለት ተዕለቱን መለዋወጥ ማምታታት አይገባም። ጠዋት ከእንቅልፍ ስንነሣ አውታሮቹ ጥቂት ያበጡ ስለሚሆኑ ድምፃችን ይወፍራል። ጉንፋን ሲይዘን ቀድመው የሚጠፉት ለስላሳና ቀጭን የሆኑት ድምፆች ናቸው። በሴቶች ላይ የወር አበባና እርግዝናም በድምፅ ላይ ለውጥ ሊያሳዩ ይችላሉ። የአንድ ቀን ድካም ወይም የአንድ ቀን ብርታት የሥልጠና መለኪያ አይሆንም።

4. ከታሪክ የተገኘ ምስክርነት

የ«መጥበቡን» ጊዜ በትዕግሥት ማለፍ ምን እንደሚያስገኝ የሚያስረዳ የታወቀ ታሪክ አለ። ማኑኤል ጋርሲያ እ.ኤ.አ. በ1805 በስፔን አገር ተወለደ። በስሙ የሚጠራው አባቱ ስመ ጥር የኦፔራ ዘፋኝ ነበር። ልጁም በለጋነቱ በመድረክ ከባድ ሥራ ተጭኖበት ድምፁ ስለ ተጎዳ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው መድረኩን ትቶ ድምፅን ወደ መመርመርና ወደ ማስተማር ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1854 ትንሽ የጥርስ ሐኪም መስተዋት ወደ ጉሮሮው አስገብቶ፣ በሌላ መስተዋት የፀሐይን ብርሃን ወደ ውስጥ እየመለሰ፣ የራሱን የድምፅ አውታሮች እንቅስቃሴ በዓይኑ አየ። በሚቀጥለው ዓመት ያየውን በለንደን ለሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። ዛሬ ሐኪሞች ማንቁርትን የሚመረምሩበት ዘዴ ከዚህ ሰው ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 በ101 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ።

ወደዚህ መምህር እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ፓሪስ የመጣችው ጄኒ ሊንድ የተባለች ስዊድናዊት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1820 በስቶክሆልም ተወልዳ በልጅነቷ ወደ ንጉሣዊው ቲያትር ትምህርት ቤት የገባች ሲሆን፣ በ1838 በመሪ ተዋናይነት መድረክ ላይ ወጥታ በአገሯ ዝነኛ ሆና ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ግን ከአቅም በላይ በመዝፈንና በተሳሳተ አዘፋፈን ድምፅዋ ተዳከመ። ጋርሲያ ከሰማት በኋላ ወዲያው ሊያስተምራት አልፈቀደም፤ አስቀድማ ለስድስት ሳምንት ያህል እንዳትዘፍን፣ መናገርንም እንድትቆጥብ አዘዛት። በአገሯ ሕዝብ የተጨበጨበላት የሃያ ዓመት ወጣት በባዕድ ከተማ ዝም ብላ እንድትቀመጥ መታዘዟ እንዴት ያለ ፈተና እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ከዝምታው በኋላ የተሰጣት ልምምድ እንደ ጀማሪ የዜማ ደረጃዎችን ወደ ላይና ወደ ታች እጅግ በዝግታ መዘመር ነበር። በዚህ ሁኔታ ዐሥር ወር ያህል ተማረች። እ.ኤ.አ. በ1842 ወደ ስቶክሆልም ተመልሳ እንደ ገና መድረክ ላይ ወጣች፤ ከዚያም በ1847 ለንደን፣ በ1850 አሜሪካ ድረስ ተሰማች። በተለይ የድምፅዋ ቀጭን ክፍል በነጻነቱ ታወቀ። በመካከለኛው ክፍል ግን የድሮው ጉዳት እንደ ስስ ጭጋግ ሆኖ እንደ ቀረ የሰሟት ሰዎች ተናግረዋል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ ትዕግሥት የጠፋ የመሰለውን ወሰን እንደሚመልስ፣ በችኮላ የደረሰ ጉዳት ግን ሁሉ ነገር ከተቃና በኋላም ምልክት ሊተው እንደሚችል።

5. በእኛ ዘንድ የደረሰው

አሁን በመግቢያችን ወደ ጠቀስናት ወጣት እንመለስ። ይህች ልጅ ከመዘምራኑ ሁሉ ብርቱ ድምፅ የነበራት ስለ ሆነች የቁምስናው መዝሙር በእርሷ ላይ ተደግፎ ነበር ለማለት ይቻላል። ሙዚቃ የተማሩ አንዲት ሲስተር መጥተው መዘምራኑን ማሠልጠን ሲጀምሩ በመጀመሪያ ያደረጉት ይህችን ልጅ ጩኸት ማስተው ነበር። ቀድሞ ከመካከለኛው ዶ ተነሥታ ከአንድ ኦክታቭ በላይ፣ እስከ ላይኛው ሬ ድረስ፣ በደረቷ ድምፅ እየጎተተች ትወጣ ነበር። ከሦስት ወር ሥልጠና በኋላ ብርቱው ድምፅዋ ላ ላይ ይቆም ጀመር፤ ከዚያ በላይ የሚሰማው ቀጭንና አየር የበዛበት ሆነ።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ሊፈጸም የተቃረበበት ነበር። እኛም የትንሣኤ በዓል ዝማሬ እንዳይደበዝዝ ስለ ሰጋን፣ ሲስተርንም ሳናማክር፣ «ሥልጠናው ይቆይሽ፤ ለበዓሉ እንደ ቀድሞሽ ዘምሪ» አልናት። ታዘዘችን። በትንሣኤ ሌሊት ድምፅዋ ቤተ ክርስቲያኑን ሞላው፤ እኛም ደስ አለን። በነጋታው ግን ቃል ማውጣት ተሳናት። ሦስት ሳምንት ቢሞላም ድምፅዋ እንደ ሻከረ ስለ ቀረ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ሄደች፤ አውታሮቿ እንዳበጡ ተነገራት፤ ድምፅዋን እንድታሳርፍም ታዘዘች። በዓለ ጰራቅሊጦስ ሲከበር መዘምራኑ መካከል ቆማ የመዝሙሩን ቃል በከንፈሯ ብቻ ስትከተል አየናት።

ሲስተር አልወቀሱንም። «አባ፣ ልጅቷ ሥልጠና ላይ ሳለች ድምፅዋ አልጠፋም ነበር፤ ሊሠራ ነበር የፈረሰው» አሉን። አሮጌ ቤት ፈርሶ በቦታው አዲስ ሲሠራ ባለቤቱ ለጥቂት ጊዜ ያለ ጣራ መቆየቱ የግድ ነው። እኛ ግን ለአንድ ሌሊት በዓል ብለን ቤቱ ሳያልቅ ግባበት አልን። ከቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አንደበት የወጣ «ዘምሪ» የሚል ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ጊዜ አስተዋልን፤ ልጅቷ እንቢ የማለት ነጻነት እንዳላት ያልነገርናት እኛ ነበርንና ይቅርታ ጠየቅናት።

ልጅቷ ካረፈች በኋላ ሥልጠናውን ከመጀመሪያው ጀመረች። አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ያንን ላይኛውን ሬ አልፋ እስከ ፋ ድረስ በለስላሳ ድምፅ ትዘምር ነበር። ድምፅዋ እንደ ቀድሞው ቤቱን አያናውጥም፤ ቃሉ ግን እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ተለይቶ ይሰማል። ሌሎቹ መዘምራንም በእርሷ ድምፅ ተሸፍነው መኖራቸው ስለ ቀረ የራሳቸውን ድምፅ ማግኘት ጀመሩ።

6. በጉርምስና ዕድሜ የሚሆነው ለውጥ

በሥልጠና ላይ ያሉ ልጆች ሌላ ተጨማሪ ለውጥ ይገጥማቸዋል። በጉርምስና ጊዜ የወንድ ልጅ ማንቁርት ያድጋል፤ አውታሮቹም ይረዝማሉ፤ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ያህል ወደ ወፍራም ይወርዳል። የሴት ልጅም ድምፅ ይለወጣል፤ የሚወርደው ግን ጥቂት ደረጃ ብቻ ነው። ለውጡ በወራት ሊያልቅ ወይም ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ በዚህ ጊዜም ወሰኑ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል።

ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ዮሴፍ ሃይድን እ.ኤ.አ. በ1732 ተወልዶ በልጅነቱ በቪየና የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል መዘምራን አንዱ ነበር። ድምፁ ሲለወጥ እ.ኤ.አ. በ1749 ገደማ ከመዘምራኑ ተሰናብቶ ያለ መጠጊያ ቀረ። ድምፁ ስለ ተሰነጠቀ የተሸኘው ይህ ልጅ ኋላ ዓለም የሚያውቃቸውን የቅዳሴ ዜማዎች የጻፈ ሰው ሆነ። በየቁምስናችን ድምፁ ሲሰነጠቅ የሚሳቅበት፣ አፍሮም የሚቀር ልጅ ስንት እንደ ሆነ እንጠይቅ። እንዲህ ያለው ልጅ በሚመቹት አምስት ወይም ስድስት ደረጃዎች ውስጥ፣ በለስላሳ ድምፅ እየዘመረ፣ ከጓደኞቹ ሳይለይ እንዲቆይ ማድረግ ይቻላል።

7. ለመዘምራን አለቆችና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

ከላይ ካየነው ተነሥተን የሚከተሉትን ምክሮች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ልምምድ ከመካከል ይጀመር። አፍን ዘግቶ በማንጎራጎር፣ ከንፈርን በአየር በማርገብገብ ወይም በቀጭን የመጠጥ ቱቦ ውስጥ ድምፅን በማውጣት ማሟሟቅ ጠቃሚ ነው። ከዚያ በግማሽ ግማሽ ደረጃ ወደ ቀጭን መውጣት፣ መታነቅ ሲጀምርም መመለስ ይገባል። በቀን ሁለት ጊዜ ዐሥራ አምስት ደቂቃ መለማመድ በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ከመጮኽ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ቀጭኑ ድምፅ አስቀድሞ በለስላሳ ይገኝ። ለስላሳ ሆኖ የማይወጣ ደረጃ በኃይል ቢወጣ ገና የዘማሪው ንብረት አልሆነም። ድምፅ መጎዳቱንም በዚሁ መንገድ ማወቅ ይቻላል፤ ዘማሪው የሚያውቀውን አጭር ዜማ እጅግ ቀጭንና እጅግ ለስላሳ አድርጎ ይዘምር። ትናንት የወጣለት ዛሬ ዘግይቶ ወይም በአየር ብቻ ከወጣ ያን ቀን ይረፍ።

ሦስተኛ፣ የዜማው መነሻ ለሕዝቡ ይመጠን። የግዕዝ ሥርዓት ዜማችን ምልክቶች የዜማውን አካሄድ እንጂ የመነሻውን ቅጥነት አይወስኑም፤ መሪው ከሚመቸው ስፍራ ያነሣዋል። በላቲን ሥርዓት የሚዘመረው የግሪጎርዮስ ዜማም በአራት መስመር ላይ ሲጻፍ እንዲሁ ነው። አባቶቻችን የተዉልን ይህ ነጻነት በኪቦርድ ምክንያት ሊጠፋብን አይገባም፤ ኪቦርዱም ትራንስፖዝ የሚባል ቁልፍ አለው። መዝሙሩን ሁለት ደረጃ ዝቅ አድርጎ መጀመር ሕዝቡ ሁሉ እንዲዘምር ይረዳል።

አራተኛ፣ ስለ መድኃኒት እንጠንቀቅ። ዝንጅብል በማር፣ ጤና አዳም ወይም ጥሬ እንቁላል ጉሮሮን ቢያጽናናም የሚዋጥ ነገር ወደ ጨጓራ በሚወስደው ቧንቧ ስለሚያልፍ አውታሮቹን አይነካም። በቂ ውኃ መጠጣት፣ መተኛት፣ ከጭስና ከአቧራ መራቅ ይሻላል። ሻካራነቱ ከሦስት ሳምንት ካለፈ የአንገት በላይ ሐኪም ማየት ግድ ነው።

አምስተኛ፣ በሥልጠና ላይ ያለ ዘማሪ በበዓል ሰሞን አይፈተን። በዓሉ በደረሰ ጊዜ የሠለጠነውን ያህል ይዘምር፤ የጎደለውን ሌሎች ይሙሉለት።

መደምደሚያ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ የድምፅ ወሰን የሚሰፋው በዝግታ ነው፤ ከመስፋቱ በፊትም የጠበበ የሚመስልበት ጊዜ አለው። ያን ጊዜ ሠልጣኙ ከመምህሩ የሚፈልገው ሌላ ልምምድ ሳይሆን ማስተማመኛ ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በሌላውም ሥራችሁ ይህንኑ ታውቁታላችሁ፤ በቃሉ ሸምድዶ የመጣ ልጅ ትርጉሙን መጠየቅ ሲጀምር ለጊዜው ያወቀውን የረሳ ይመስላል፤ መምህሩ ከታገሠው ግን የራሱ የሆነ እውቀት ይዞ ይወጣል። ለመዘምራን የምንሰጠው ቦታም እንዲሁ በትዕግሥት የተመጠነ እንዲሆን አደራ እንላለን።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን የሚዘመሩት መዝሙሮች መነሻቸው ለአብዛኛው ምእመን የሚመች ነውን? በሚቀጥለው እሑድ አንዱን መዝሙር ሁለት ደረጃ ዝቅ አድርገን ብንጀምረው ምን ለውጥ እናያለን?

2. ድምፃቸው በመለወጥ ላይ ያሉ ልጆች በመዘምራን መካከል እንዲቆዩ ምን ዓይነት ድርሻ ልንሰጣቸው እንችላለን?

3. ብርቱ ድምፅ ባላቸው በአንድ ወይም በሁለት ሰዎች ላይ ብቻ ተደግፈን እንሆን? እነርሱ ቢያርፉ ማን ይተካቸዋል?

4. አንድ አገልጋይ «አልቻልሁም» ብሎ ያለ ፍርሃት ሊነግረን የሚችል ይመስለናል? ካልመሰለን ምን እናድርግ?